የሌሊት ወፍንና የዘርን ምሥጢር የመረመረው ላዛሮ ስፓላንዛኒ

የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ማቅረብ ለትምህርት ቤት መጽሔት የተለመደ ነው። ብዙዎቹ ጓደኞቼ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር አለቆች መጻፍን ይመርጣሉ። እኔ ግን ዘመኑን ሁሉ እንቁራሪትና ቀንድ አውጣ፣ ውሻና የሌሊት ወፍ ሲመረምር የኖረውን አንድ የኢጣልያ ሊቅ መረጥሁ።

የመረጥሁበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ እኛ የግራና ልጆች የሌሊት ወፍን በየምሽቱ እያየናት የማናውቃት በመሆናችን ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ከፍራፍሬው ዛፍ በላይ ስትዞር እናያታለን፤ ልጆች ድንጋይ ይወረውሩባታል፤ በተረትም ወፍ ሲሏት አይጥ፣ አይጥ ሲሏት ወፍ የምትሆን ወላዋይ ተብላ ትሰደባለች። ሁለተኛው ደግሞ፣ በዛሬ ጊዜ ገበሬ ላሙን ያለ ኮርማ በአዳቃይ ባለሙያ ሲያስዳቅል ማየት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ይሁን እንጂ የዚህ ጥበብ መነሻ ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሁለቱም መንገዶች ወደ አንድ ሰው ይወስዱናል። ስለ ዘርና ስለ መራባት በክፍል ውስጥ ሲነገር የሚያፍርና የሚስቅ ተማሪ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። ስፓላንዛኒ ቄስ ነበር፤ ይህን ነገር ግን የፈጣሪ ሥራ ነውና ሊመረመር ይገባል ብሎ ያለ ኀፍረት መረመረው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ልደቱና ትምህርቱ

ላዛሮ ስፓላንዛኒ በጥር ወር 1729 በሰሜን ኢጣልያ፣ ስካንድያኖ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የሕግ ዐዋቂ ነበር። ልጁ ዕድሜው 15 ዓመት ሲሞላ በሬጆ ከተማ ወደሚገኘው የኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ገብቶ የንግግር ጥበብን፣ ፍልስፍናንና የጥንት ቋንቋዎችን ተማረ። መምህራኑ ትጋቱን አይተው ከማኅበራቸው ሊያስገቡት ፈልገው ነበር። እርሱ ግን ወደ ቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ እንደ አባቱ ፈቃድ ሕግ ማጥናት ጀመረ።

በቦሎኛ ላውራ ባሲ የምትባል የሥጋ ዘመዱ ነበረች። ይህች ሴት፣ ሴቶች ከዩኒቨርሲቲ ደጅ በማይደርሱበት ዘመን፣ በ1732 የዶክትሬት ማዕርግ የተቀበለችና ፊዚክስን በማስተማር የታወቀች ናት። እኅቶቼ ተማሪዎች ይህን ልብ እንዲሉልኝ እሻለሁ፤ ስፓላንዛኒን ከሕግ መጽሐፍ ወደ ተፈጥሮ ምርመራ የመለሰችው እርስዋ ናትና። ወጣቱ ልቡ ወደ ሳይንስ ቢያዘነብልም አባቱን መቃወም ፈራ። በመጨረሻም ቫሊስኔሪ የሚባል የታወቀ የተፈጥሮ ታሪክ መምህር አባቱን ለምኖ ስለ አስፈቀደለት ሕግን ትቶ ሳይንስን ያዘ። ከዚህም በኋላ ቅስና ተቀበለ። የቅስናው ገቢ ለኑሮው ረድቶታል፤ ዋና ሥራው ግን ማስተማርና መመርመር ነበር።

በመጀመሪያ በሬጆ፣ ቀጥሎ ከ1763 ጀምሮ በሞዴና አስተማረ። በ1769 በኦስትሪያ መንግሥት ሥር ወደ ነበረው ወደ ፓቪያ ዩኒቨርሲቲ ተጠርቶ የተፈጥሮ ታሪክ መምህር ሆነ። በዚህም ሥራ እስከ ዕለተ ሞቱ 30 ዓመት ያህል ቈየ።

የመጀመሪያዎቹ ምርመራዎች

በዚያን ዘመን ብዙ ሊቃውንት ጥቃቅን ነፍሳት ከበሰበሰ ነገር ራሳቸው ይፈጠራሉ ብለው ያምኑ ነበር። ኒድሃም የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ የበግ ሥጋ መረቅ አሙቆ፣ ዕቃውን በቡሽ ከደነውና ከጥቂት ቀን በኋላ በአጉሊ መነፅር ሲያየው ሕይወት ያላቸው ነገሮች አገኘበት። ስፓላንዛኒ ይህን ሲሰማ የቡሹ ክዳን አየር እንደሚያስገባ፣ ማሞቂያውም ጊዜ አጭር እንደ ሆነ ጠረጠረ። ስለዚህ የብርጭቆውን አንገት በእሳት አቅልጦ ደፈነና መረቁን አንድ ሰዓት ያህል አፈላው። በዚህ መረቅ ውስጥ ምንም ነገር አልተገኘም። ይህን በ1765 አሳተመ። ሉዊ ፓስተር ነገሩን ጨርሶ እስኪያስረዳ ድረስ መቶ ዓመት ያህል አለፈ።

የምግብ መፈጨትን ለማወቅ ደግሞ በራሱ ሰውነት ላይ ሞከረ። ሥጋና ዳቦ በትንንሽ የጨርቅ ከረጢት ሰፍቶ፣ ቀዳዳ ባላቸው የእንጨት ቱቦዎችም ከትቶ ዋጠ። ከጨጓራ የወጣውን ፈሳሽ ከሥጋ ጋር በቱቦ አድርጎ በብብቱ ሥር በመያዝ ሙቀት ሰጠውና ሥጋው ከሆድ ውጭ ሲሟሟ አየ። በዚህም ጨጓራ ምግብን የሚፈጨው በመጨፍለቅ ብቻ ሳይሆን በፈሳሹ ኀይል መሆኑን አስረዳ።

ሱሪ የለበሱት እንቁራሪቶች

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የወንድ ዘር ሕዋስን በአጉሊ መነፅር ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት የሆላንድ ሰዎች በ1677 ነበር። እየተወራጩ ስለ ዋኙ ትሎች ተባሉ። ሥራቸው ምን እንደ ሆነ ግን ማንም አላወቀም። አንዳንዱ ሊቅ ሙሉው ፅንስ በሴቲቱ እንቁላል ውስጥ አስቀድሞ ተሠርቶ ተቀምጧል ይል ነበር፤ ሌላው ደግሞ ፅንሱ በወንዱ ትል ውስጥ ነው ይል ነበር። ስፓላንዛኒ ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነበር።

ክርክሩን በሙከራ ለመፍታት እንቁራሪትን መረጠ፤ እንቁራሪት እንቁላልዋን ከሰውነትዋ ውጭ ስለምትጥል ነገሩን በዓይን ለማየት ይመቻልና። በሰም ከተነከረ ቀጭን የሐር ጨርቅ ትንንሽ ሱሪዎች ሰፍቶ ለወንዶቹ እንቁራሪቶች አለበሳቸው። ሱሪ የለበሱት ወንዶች እንደ ልማዳቸው ሴቶቹን አቀፉ፤ ሴቶቹም እንቁላላቸውን ጣሉ፤ ነገር ግን ከእንቁላሎቹ አንድም አላደገም፤ ሁሉም በሰበሰ። ቀጥሎ በሱሪው ውስጥ የተጠራቀመውን ጠብታ ወስዶ ሌሎች ትኩስ እንቁላሎችን ቀባ። እነዚህ አድገው ግልገሎች ሆኑ። ይህን የሚያነብ ሰው በሱሪው ሊስቅ ይችላል፤ እኔም ሥቄአለሁ። ነገር ግን በዚያ ሱሪ ምክንያት ለመጀመሪያ ጊዜ የወንዱ ፈሳሽ እንቁላሉን መንካት እንዳለበት በማያጠራጥር መንገድ ታወቀ።

ስፓላንዛኒ ከዚህ ላይ አላቆመም። እንቁላሉን የሚያነቃው የፈሳሹ ትነት ነው የሚሉ ስለ ነበሩ፣ እንቁላሎቹን ከፈሳሹ በላይ ሳይነኩት እንዲሰቀሉ አደረገ፤ ምንም አልሆነም። ፈሳሹን በብዙ ውሃ አቀጠነው፤ ኀይሉ ግን ቶሎ አልጠፋም። በመጨረሻም በጥጥ፣ በጨርቅና በመምጠጫ ወረቀት አጠለለው። በብዙ ወረቀት የተጠለለው ፈሳሽ እንቁላልን ማነቃቃት አቃተው። በወረቀቱ ላይ የቀረውን አተላ በውሃ አጥቦ እንቁላሉን ሲቀባው ግን እንቁላሉ አደገ።

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ቆም ብለህ አስብ። ወረቀቱ የያዛቸው እነዚያን ትሎች ነበር። መልሱ በእጁ ላይ ነበር። እርሱ ግን ፅንሱ በእንቁላሉ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይኖራል ብሎ ስላመነ፣ ትሎችም የሌሉበት የመሰለው ፈሳሽ አንዳንድ ጊዜ ሲሠራ ስላየ፣ ትሎቹ ለመራባት አያስፈልጉም ብሎ ፈረደ። ይሁን እንጂ ሙከራውን እንዳየው አድርጎ ሳይደብቅ ጽፎት ስለ ነበር፣ በ1824 ፕሬቮና ዱማ የተባሉ ሁለት ሰዎች ያንኑ ማጥለል ደግመው ትክክለኛውን ፍርድ ሰጡ። ኦስካር ሄርትቪግ የተባለው ጀርመናዊ ደግሞ በ1876 የወንዱና የሴቲቱ ሕዋስ አስኳሎች በባሕር ጃርት እንቁላል ውስጥ ሲዋሐዱ ተመለከተ።

ውሻይቱና በረዶው

በእንቁራሪት የሆነው በአጥቢ እንስሳት ይሆን እንደ ሆነ ለማወቅ አንዲት ሴት ውሻ ወንድ እንዳይደርስባት ዘግቶ አስቀመጣት። ጊዜዋ ሲደርስ ከወንድ ውሻ የተገኘውን ዘር በሰውነት ልክ በሞቀ የመርፌ ቱቦ ወደ ማሕፀንዋ አስገባ። ከ62 ቀን በኋላ ሁለት ወንድና አንዲት ሴት፣ በጠቅላላው ሦስት ቡችሎች ወለደች። ይህን በ1780 ባሳተመው መጽሐፍ አስታወቀ። ከሥራዎቹ ሁሉ ይህን ያህል ያስደሰተው ጥቂት ነው ይባላል።

ደግሞም የወንድን ዘር በበረዶ አቀዝቅዞ፣ መወራጨታቸው ቆሞ እንደ ሞቱ ሆነው የነበሩት ሕዋሳት መልሰው ሲሞቁ እንደገና ሲንቀሳቀሱ አይቶ ነበር። በ1949 ፖልጅና ጓደኞቹ በእንግሊዝ አገር ግሊሰሮል የሚባለው ፈሳሽ ሕዋሱን ከውርጭ ጉዳት እንደሚከላከልለት አወቁ። በአገራችንም ለዚሁ ሥራ በአዲስ አበባ፣ ቃሊቲ ማዕከል ተቋቁሞ የኮርማ አባለዘር 196 ዲግሪ ከዜሮ በታች በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን እየተያዘ ወደ ገጠር መላክ ተጀመረ። በገጠር መንገድ አዳቃዩ የሚሸከማትን ማሰሮ የምትመስል ዕቃ ያየ ሰው፣ የነገሩ መጀመሪያ አንድ ቄስና አንድ እፍኝ በረዶ እንደ ነበሩ ቢያውቅ ይደነቃል።

ክስና ነፃ መውጣት

ሊቁ ስሙ በገነነ ቍጥር ምቀኛውም በዛ። በ1785 ወደ ቍስጥንጥንያ ለምርምር በሄደ ጊዜ፣ በፓቪያ የቀሩ አንዳንድ የሥራ ጓደኞቹ ከዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ዕቃ ሰርቆ ወደ ቤቱ ወስዷል ብለው ከሰሱት። ያ ሙዚየም በእርሱ ድካም የተሰበሰበ ነበር። መንግሥት ነገሩን አስመርምሮ በ1787 ነፃ አወጣው፤ ከሳሾቹም ተወቀሱ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ደቡብ ኢጣልያ ሄዶ የቬሱቪዮስንና የኤትናን የእሳት ተራሮች መረመረ።

የሌሊት ወፎቹ

በ1793 ዕድሜው 64 ዓመት ሲሆን፣ በጨለማ ስለሚበሩ ፍጥረቶች ማሰብ ጀመረ። ጉጉት በክፍል ውስጥ ሻማ ሲጠፋባት ከግድግዳ ጋር ትጋጫለች፤ የሌሊት ወፍ ግን ያለ ችግር ትበራለች። ከጣራው ክሮች አንጠልጥሎ በክሮቹ ላይ ትንንሽ ቃጭሎች አሰረ፤ የሌሊት ወፏ ክሩን ብትነካ ቃጭሉ እንዲያስታውቅ ነው። ዓይኖቻቸውን ቢያጠፋም በክሮቹ መካከል ያለ ችግር በረሩ። ይህ የጭካኔ ሥራ ነው፤ ዛሬ ማንም ተማሪ ሊያደርገው የሚገባ አይደለም፤ በዚያን ዘመን ግን እንስሳትን የሚጠብቅ ደንብ አልነበረም።

በፓቪያ ካቴድራል ደወል ቤት ከሚኖሩት የሌሊት ወፎች አንዳንዶቹን ይዞ ዓይናቸውን አጠፋና ለቀቃቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ንጋት ላይ ወደ ደወል ቤቱ ወጥቶ ከዕውሮቹ ጥቂቶቹን መልሶ ያዘ። ሆዳቸውን ሲመረምር፣ ዓይን እንዳላቸው ጓደኞቻቸው በነፍሳት ተሞልቶ አገኘው። ስለዚህ ዓይን ሳይኖራቸው ማደንና ወደ ቤታቸው መመለስ ይችላሉ ማለት ነው።

ይህን ለብዙ ሊቃውንት በደብዳቤ አሳወቀ። ሉዊ ዡሪን የተባለ የጄኔቭ ሐኪም በ1794 የሌሊት ወፎችን ጆሮ ቢደፍን ከሚያገኙት ነገር ሁሉ ጋር እንደሚጋጩ አየ። ስፓላንዛኒ በመጀመሪያ ተጠራጠረ፤ ነገር ግን አልናቀውም፤ ራሱ ደገመው። ከነሐስ ቀጫጭን ቱቦዎች ሠርቶ በጆሮአቸው አስገባ። ቱቦዎቹ ክፍት ሲሆኑ በደንብ በረሩ፤ በሰም ሲደፈኑ ተጋጩ። እንግዲህ የሌሊት ወፍ የምታየው በጆሮዋ ነው። ምን እንደምትሰማ ግን ሊገባው አልቻለም፤ ክፍሉ ለሰው ጆሮ ጸጥ ያለ ነበርና። በፈረንሳይ እጅግ የተከበረው ኩቪየ በ1795 የሌሊት ወፍ የምትመራው በክንፍዋ ቆዳ የመዳሰስ ስሜት ነው ብሎ ስለ ፈረደ፣ ዓለም የኩቪየን ቃል ይዞ የስፓላንዛኒን ሙከራ ናቀ።

ከዚህ በኋላ 140 ዓመት ያህል አለፈ። በ1938 ዶናልድ ግሪፊን የተባለ የሃርቫርድ ተማሪ ፒርስ በተባለ የፊዚክስ መምህር መሣሪያ አማካይነት የሌሊት ወፍ ድምፅ አዳመጠ። የሰው ጆሮ በሴኮንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ የሚርገበገበውን ድምፅ አይሰማም፤ የሌሊት ወፎች ግን ከዚህ በላይ በሆነ ድምፅ እየጮኹ የገደል ማሚቶውን በመስማት መንገዳቸውን ያገኛሉ። ቄሱ እውነቱን ይዞ ነበር። ፍሬ የሚበሉት ትልልቅ የሌሊት ወፎች አብዛኞቹ ግን በዓይናቸውና በማሽተት እንደሚመሩ መጨመር ይገባኛል።

በእጁ ሳለ ያልደረሰበት ምሥጢር

እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ነው። ስፓላንዛኒ ዘር በቅዝቃዜ አንቀላፍቶ እንደሚነቃ አይቷል። በብርድ ደንዝዘው የሚያንቀላፉ የሌሊት ወፎችንም ስለ መተንፈሳቸው መርምሯል። ሁለቱን ነገሮች ግን አንድ ላይ አላያቸውም። ሁለቱን ተፈጥሮ ራስዋ እንዳገናኘቻቸው የታወቀው እርሱ ከሞተ በኋላ በ19ኛው መቶ ዓመት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብርድ አገር የሚኖሩ ብዙ የሌሊት ወፎች የሚጠቃቁት ብርዱ ከመግባቱ በፊት፣ በመስከረምና በጥቅምት ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ ቢፀነስ ግልገሉ የሚወለደው ነፍሳት በማይገኙበት ወራት ስለሚሆን በረኀብ ይሞታል። ስለዚህ ሴቲቱ የወንዱን ዘር ተቀብላ በማሕፀንዋ ታስቀምጠዋለች፤ እንቁላልዋን ግን አትለቅም። ከዚያም በዋሻ ተንጠልጥላ ሰውነትዋ ቀዝቅዞ ታንቀላፋለች። ብርዱ ሲያልፍ ትነቃለች፤ እንቁላልዋም ይለቀቃል፤ ለወራት የጠበቀውም ዘር ያገኘዋል። ግልገሏ የምትወለደው ነፍሳት በሚበዙበት በሙቀቱ ወራት ነው። የላም ማሕፀን የኮርማን ዘር በሕይወት የሚያቆየው ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ያህል ነው፤ የሰውም ቢበዛ አምስት ቀን ያህል ነው። ኖክቱል የተባለችው የአውሮፓ የሌሊት ወፍ ግን ወደ 200 ቀን ገደማ ታቆየዋለች። በአንዳንዶቹ ዓይነቶች የዘሩ ሕዋሳት ራሳቸውን ወደ ማሕፀኑ ግድግዳ አዙረው ተጠግተው ይቀመጣሉ። የሴቲቱ ሰውነት እንደ ባዕድ ቈጥሮ ሳያጠፋቸው እንዴት እንደሚያቆያቸው የሳይንስ ሰዎች እስከ ዛሬ ይመረምራሉ።

ወንዱም የራሱ ብልሃት አለው። ዘሩን የሚሠራው ምግብ በሚበዛበት በሙቀቱ ወራት ነው፤ ከዚያ በኋላ ፍሬው ይኰማተራል፤ የተሠራው ዘር ግን በማጠራቀሚያው ቱቦ ውስጥ ብርዱን ሁሉ ይቆያል።

የእኛ አገር እንደዚያ የሚያስተኛ ብርድ የለውም፤ ነገር ግን ዝናብና በጋ አለው። በአፍሪካ በስፋት የምትገኘው፣ በኢትዮጵያም የምትኖረው፣ ገለባ የመሰለ ቀለም ያላት ትልቅ የሌሊት ወፍ ፍሬ ትበላለች። የእርስዋ ብልሃት ሌላ ነው። በኡጋንዳ በተደረገ ምርመራ እንደ ታወቀው፣ ፀንሳ ሳለች ፅንሱ ከማሕፀንዋ ግድግዳ ሳይጣበቅ ለወራት ይቆያል። በዚህ መዘግየት ልደቱን ከምግብ ጊዜ ጋር ታስማማለች። የሌሊት ወፍ በዓመት ብዙ ጊዜ አንድ ግልገል ብቻ ትወልዳለች። እንግዲህ በድንጋይ የምንገድላት አንዲት ሴት የሌሊት ወፍ እንደ አይጥ ቶሎ የምትተካ አይደለችም። ነፍሳት በሎቹ በአዝመራችን ላይ የሚበሩትን ተባዮች ይበላሉ፤ ፍሬ በሎቹም የዱር ዛፎችን ዘር ይበትናሉ። ይሁን እንጂ በእጅ መያዝ አይገባም፤ አንዳንዶቹ እንደ ማርበርግ ያለ ክፉ በሽታ ሊያስተላልፉ ይችላሉና ከሩቅ ማየት ይበቃል።

ዕረፍቱ

ስፓላንዛኒ በመጨረሻ ዘመኑ ከፓሪስ ቢጠራም እርጅናውንና ሕመሙን አመልክቶ በፓቪያ ቀረ። ለብዙ ጊዜ የፊኛ በሽታ ያሠቃየው ነበርና በየካቲት ወር 1799 በ70 ዓመት ዕድሜው ዐረፈ። የታመመው ፊኛው ለምርመራ እንዲሆን በፓቪያ ተጠብቆ ቀረ። ሥጋው እንኳ ከሞተ በኋላ ማስተማሩን አልተወም።

ጓደኞቼ ተማሪዎች፣ ይህ ሰው አንድ ጊዜ ከራሱ ማስረጃ ይልቅ የቀደመ አሳቡን አመነ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ የታላቅ ሰው ስም ሳያስደነግጠው ማስረጃውን ያዘ። በሁለቱም ጊዜ የጠቀመን ያየውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ መጻፉ ነው። በማጥለያው ወረቀት ላይ የቀረውን አተላ ኀይል ሳይደብቅ ስለ መዘገበ ሌሎች እውነቱን አገኙት። በቤተ ሙከራችን የምናገኘው ውጤት ከመጽሐፉ ጋር ሳይስማማ ሲቀር፣ ከጎረቤት ደብተር ትክክለኛውን መልስ መገልበጥ የሚቀናን ስንቶቻችን ነን? ያገኘነውን እንጻፍ። ዛሬ ያልገባን ነገር፣ በትክክል ከተጻፈ፣ ነገ ለሚመጣው ሰው ይገባዋል።